ቻይና ውስጥ ማዕድ መቁረስ፦ ከዊቻት ግብዣ እስከ ሂሳብ ሽሚያ

ዉሃን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የዶርማችን ዘበኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጠዋት በር ላይ «ቺ ለ ማ?» አሉኝ። ትርጉሙን ስልኬ ላይ አየሁት። «በላህ ወይ?» ይላል። አልበላሁም ነበርና እውነቱን «አልበላሁም» አልኳቸው። ከዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸውም ቆመው ጠበቁ። ተፋጠጥን። በመጨረሻ ሳቅ ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ለካ «ቺ ለ ማ» የኛ «እንዴት አደርክ» ነው። መልሱ «ቺ ለ» ብቻ ነው፤ «በላሁ»። ርቧችሁም ቢሆን «በላሁ» በሉ።

ይህን የምጽፈው ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ለሥራ ቻይና ለሚሄድ ሐበሻ ነው። ሰው የሚፈራው ቋንቋውን ነው። እኔ ሃያ ቃል እንኳን ሳላውቅ ጓደኛ ያፈራሁት ገበታ ላይ ነው። ደግሞ ለቻይና ገበታ ከሚያስፈልገው ነገር ብዙውን ከቤታችን ይዘን ነው የምንሄደው፦ አብሮ መብላት፣ «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ፣ ሂሳብ ለመክፈል መታገል። የሚጥለን ሌላ ነው። ስልኩ፣ ጾሙ፣ ሰዓቱና መጠጡ።

መጀመሪያ ስልኩ

ጓደኝነቱ የሚጀምረው ዊቻት የሚባለው የመልእክት አፕ ላይ ነው። እነሱ «ዌይሺን» ይሉታል። ስልክ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ሰው ብዙም አይገጥማችሁም። ስልኩን ያወጣና «እኔ ስካን ላድርግህ ወይስ አንተ ታደርገኛለህ?» ይላል። አዲስ አካውንት ስትከፍቱ አፑ ነባር ተጠቃሚ ኮዱን ስካን አድርጎ እንዲመሰክርላችሁ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ከአገር ሳትወጡ እዚያ የሚኖር ሰው አፈላልጉ።

ክፍያውም በስልክ ነው፤ ዊቻት ፔይ ወይም አሊፔይ። ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ የውጭ አገር ካርድ ማያያዝ ቀሏል። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን የለውም፤ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ለዓመታት የምትቀመጡ ከሆነ በፓስፖርታችሁ የቻይና ባንክ ሂሳብ ክፈቱና ተገላገሉ። በብዙ ምግብ ቤት የወረቀት ሜኑ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኮድ ስካን አድርጋችሁ ከስልካችሁ ታዛላችሁ። ባትሪ ካለቀ ራትም አለቀ ማለት ነው። ደግነቱ በየምግብ ቤቱ በር የሚከራይ ፓወር ባንክ አለ።

ስም አጠራሩ አያስቸግርም። ከእናንተ ከፍ ላለ ጓደኛ «ላው» ብላችሁ የቤተሰብ ስሙን ትጨምራላችሁ፣ ላው ዋንግ። ከእናንተ ላነሰ «ሻው» ይሆናል፣ ሻው ሊ። የጓደኛ እናት «አዪ» ናት፣ አባቱ «ሹሹ»። ጋሼና እትዬ እያለ ላደገ ሰው ይህ ትምህርት አይደለም፣ እረፍት ነው።

የማትበሉትን ገበታው ሳይቀርብ ተናገሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አንድ ረቡዕ የላብራቶሪ ጓደኛዬ ምሳ ጋበዘችኝ። «ሥጋ አልበላም» አልኳት፣ በቻይንኛ። በጣም ተረዳችኝ። ዶሮ አዘዘችልኝ። «ይሄ ሥጋ ነው» ስላት በእውነት ግራ ገባት። ችግሩ የእሷ አልነበረም። «ሮው» የሚለው ቃል ሥጋ ማለት ይሁን እንጂ፣ ዝም ብሎ ከተጠራ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው የአሳማ ሥጋ ነው። ዶሮና አሳ በራሳቸው ስም ይጠራሉ።

ስለዚህ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ለአሳማ ብቻ ከሆነ «ቡ ቺ ጁ ሮው» ይበቃል። ለጾም ግን «ዎ ቺ ሱ» ብላችሁ ጀምሩ። «የአትክልት ብቻ ነው የምበላው» ማለት ነው፤ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ስለሚሉት ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ የሚቀረውን ጨምሩ፦ እንቁላል (ጂ ዳን) የለም፣ ወተት (ኒዩ ናይ) የለም፣ የአሳማ ስብ (ጁ ዮው) የለም፣ የኦይስተር ሶስ (ሃው ዮው፣ ከባሕር ዛጎል እንስሳ የሚሠራ ማጣፈጫ) የለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ማንም አያስብላችሁም። አረንጓዴው ቅጠል በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል። ማፖ ቶፉ የሚባለው ታዋቂ የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ምግብ ላይ የተፈጨ ሥጋ አለ። የተጠበሰው ፎሶሊያም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

የኔ መላ ይሄ ነው። ቻይናዊ ጓደኛችሁ ይህን ሁሉ በቻይንኛ ፊደል በአንድ አጭር መልእክት ይጻፍላችሁ። ፎቶ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ምግብ ቤት ስትገቡ አሳዩ። ስትጋበዙ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ለጋባዡ ላኩት። ገበታው ከተሞላ በኋላ «ይሄን አልበላም» ማለት ጋባዡን በሰው ፊት ያሳፍረዋል። ቀድማችሁ ከነገራችሁት ግን እናንተን ለማስደሰት ሲሯሯጥ ታያላችሁ።

ለጾም ቀን የሚያድኑ ምግቦችን ስማቸውን ያዙ። ስዋን ላ ቱ ዶው ስ፦ በቀጭኑ ተከትፎ በኮምጣጤና በቃሪያ የተጠበሰ ድንች። ዲ ሳን ሽየን፦ ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ። ዉሃን ከሆናችሁ ደግሞ ቁርስ ላይ ረ ጋን ሚየን አለላችሁ። ትኩስ ኑድል ነው፣ ሾርባ የለውም፣ የሰሊጥ ቅባት ይፈስበትና የኮመጠጠ አትክልት ይበተንበታል። ሰው ከወረቀት ሳህን እየበላ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። በዐቢይ ጾም ያቆመኝ እሱ ነው።

ሙስሊም ወገኖቻችን «ቺንግ ጀን» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ሐላል ማለት ነው። የላንጆው የበሬ ኑድል ቤቶች የሌሉበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። አሳማ ስለማይገባባቸው ክርስቲያኑም ሐበሻ እዚያው ይሰለፋል። አገር ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ታውቃላችሁ። እዚያ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ተማክሮ ነው የሚወስነው፤ እኔ በዚህ ምክር የለኝም።

ግብዣው እውነት ነው ወይስ ለወግ?

«ጋይ ትየን ዪ ቺ ቺ ፋን» ሲሏችሁ ቀጠሮ አትያዙ። «ሌላ ቀን አብረን እንብላ» ነው፤ የኛ «እንገናኛለን፣ እደውላለሁ» ዓይነት። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከተነገራችሁ እውነት ነው። የምግብ ቤቱ ሎኬሽን ዊቻት ላይ ከተላከ ደግሞ በጣም እውነት ነው።

ሰዓቱን ግን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። የመጀመሪያውን የራት ግብዣዬን ማስታወሻዬ ላይ «6 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ በኛ ስድስት ሰዓት፣ ለብሼ ተጫምቼ በሩ ላይ ተገኘሁ። ጋባዤ ያለው ግን በኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሐበሻ በሐበሻ ሰዓት እያሰበ በቻይና ሰዓት መኖሩን እስኪለምድ ብዙ ይሳቅበታል።

ራት በጊዜ ነው። በኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ሰው ገበታ ላይ ነው። ምሳም ከ6 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀመራል። የሐበሻ ቀጠሮ እዚያ አይሠራም። አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ብዙዎቹ ቀድመዋችሁ ይገኛሉ። አርፍዶ መምጣት ክቡ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ምግብ እያየ እንዲራብ ማድረግ ነው።

ወንበር፣ ቾፕስቲክ፣ ጉርሻ

እንደገባችሁ አትቀመጡ። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር የጋባዡ ወይም የትልቅ ሰው ነው። «እዚህ ተቀመጥ» እስኪሏችሁ ቁሙ። ከጋባዡ አጠገብ ካስቀመጧችሁ ክብር ነው፣ አትከራከሩ። ትንሽ ብትግደረደሩ ግን ያምርባችኋል፤ እነሱም ይግደረደራሉ።

ምግቡ መጥቶም ወዲያው አይበላም። መጀመሪያ ስልኩ ይበላል፣ ይላሉ እየቀለዱ፤ ሁሉም ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ትልቅ ሰው ሲጀምር ይጀመራል። ጠረጴዛው መሃል ምግቡ የተቀመጠበትን የሚሽከረከር መስታወት በዝግታ አዙሩ፣ ሌላ ሰው እየቀዳ ሳለ አትንኩት። ቀዝቃዛው ይቀድማል፣ ትኩሱ ይከተላል፣ ሩዝ ወይም ኑድል መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ በቀረበው ኦቾሎኒና ዱባ ሆዱን ሞልቶ ዋናው አሳ ሲመጣ የሚያዛጋ ሐበሻ አይቻለሁ። ራሴን ነው።

ቾፕስቲክ፣ ሁለቱ የመብያ እንጨቶች፣ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። ኦቾሎኒ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። መያዣው ቢወላገድባችሁ ማንም አይቀየማችሁም። አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ፦ ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉት። ለሞተ ሰው የሚተከል እጣን ይመስላል። ከጋራው ሳህን ለማንሻ የተለየ ቾፕስቲክ ካለ፣ «ጎንግ ኳይ» ይባላል፣ በእሱ አንሱ።

አሁን ጉርሻው። ጋባዣችሁ ደህና ቁራጭ እየመረጠ ሳህናችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። አፋችሁ ድረስ ባይመጣም ያው ጉርሻ ነው። አንዴ ከጎረሳችሁ ሁለተኛው ይመጣል፤ ጉርሻ ሁለት ነው የሚባለው እዚያም የሚሠራ ይመስላል። ስትጠግቡ ሳህናችሁን ባዶ አታድርጉ። ባዶ ሳህን «ጨምሩልኝ» ነው። ትንሽ አስቀርታችሁ «ቺ ባው ለ» በሉ፣ ጠገብኩ። አንዴ ተናግሮ መገላገል የለም። ሦስት ጊዜ ትላላችሁ።

ሆትፖት

ጓደኛ ለመሆን ከተፈለገ ግብዣው ሆትፖት ነው። ጠረጴዛው መሃል እሳት አለ፣ እሳቱ ላይ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ የሚፈላ መረቅ። ጥሬውን ራስህ ትነክራለህ፣ ራስህ ታወጣለህ።

የቾንግቺንግና የቸንግዱ ሰው ቀዩን ያዛል። ቀዩ መረቅ ሲመጣ መጀመሪያ ፈሳሽ አይደለም፤ የረጋ የበሬ ሞራ ከነደረቅ ቃሪያው ጡብ መስሎ ተቀምጧል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ለጾመኛ እንግዲህ ገና ሳይፈላ አለቀለት። «ይዌን ያንግ» የሚባለውን ለሁለት የተከፈለ ድስት እዘዙ። በአንድ በኩል ቀዩ፣ በሌላው የእንጉዳይ ወይም የቲማቲም። የእንጉዳዩ መረቅ ግን በአጥንት እንዳልተሠራ ጠይቁ።

እኔ በሚጥሚጣ ያደግሁ ነኝ ብዬ ቀዩ ጎን ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ተያዩ። መጀመሪያ ማቃጠሉ መጣ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከንፈሬ ይነዝረኝ ጀመር፤ ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ የወጋኝ መሰለኝ። ያ «ኋ ጅያው» የሚሉት ቅመም ነው። ማቃጠሉን «ላ» ይሉታል፣ ማደንዘዙን «ማ»። በርበሬ ለ«ላ» ያዘጋጃል። ለ«ማ» የሚያዘጋጅ ነገር ኩሽናችን ውስጥ የለም። የሰሊጥ ዘይት በነጭ ሽንኩርት ተደርጎ ይሰጣችኋል፤ ከድስቱ ያወጣችሁትን እዚያ ነክራችሁ ብሉ፣ ያበርደዋል። ውኃ አይረዳም። የፕለም ጭማቂ ወይም የአኩሪ አተር ወተት እዘዙ።

ሁሉም የሚሻማበት «ማው ዱ» ይባላል። ስታዩት ታውቁታላችሁ፣ የኛው ሽንፍላ ነው። በቾፕስቲክ ይዛችሁ ሳትለቁት ትነክራላችሁ፤ «ሰባቴ ወደ ላይ፣ ስምንቴ ወደ ታች» ይላሉ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል። ከለቀቃችሁት ይሰጥምና ሲገኝ ጎማ ሆኗል። ጥሬ ሥጋ የነካችሁበትን ቾፕስቲክ አፋችሁ አታስገቡ። ጃኬታችሁን ደግሞ ላስቲክ ከሰጧችሁ ክተቱት፤ ሽታው ከእናንተ ጋር ዶርም ገብቶ ያድራል።

መለኪያው ሲነሳ

ባይጅዩ ብዙውን ጊዜ ከማሽላ የሚወጣ አረቄ ነው። ማውታይ የሚባለው ዓይነት 53 በመቶ አልኮል ነው። የሚቀዳበት ብርጭቆ ቁርጥ የኛ መለኪያ ነው፤ ትንሽነቱ እንዳያታልላችሁ። «ጋን ቤይ» ማለት በቀጥታ «ብርጭቆው ይድረቅ» ነው፣ ሁሉንም ጨልጠው። «ሱዌይ ዪ» ካሉ ግን እንደ ልባችሁ ነው፣ መቅመስ ይበቃል። ከትልቅ ሰው ጋር ስታጋጩ የብርጭቋችሁን አፍ ከእሳቸው ብርጭቆ ዝቅ አድርጉ። እሳቸውም ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። እንዲህ ስትወርዱ ጠረጴዛ የምትደርሱበት ጊዜ አለ።

የማትጠጡ ከሆነ ከመጀመሪያው መለኪያ በፊት ተናገሩ። አንድ ጠጥታችሁ ሁለተኛውን እምቢ ማለት አይሆንም፤ «ለእሱ ጠጥተህ ለኔ?» ይመጣል። «ዪ ቻ ዳይ ጅዩ» በሉ፣ «በመጠጡ ፈንታ ሻይ»። የታወቀ አባባል ነው፣ ከውጭ አገር ሰው አፍ ሲሰሙት ያጨበጭባሉ። ከዚያ ሻያችሁን ይዛችሁ እንደ ሌላው ሁሉ እየተነሳችሁ አጋጩ። ዋናው መነሳቱ ነው።

ጓንጆ ሄዳችሁ ሻይ ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ። «አመሰግናለሁ» ነው፣ ወሬያችሁንም አያቋርጥም።

ሂሳብ

«ዎ ቺንግ ከ» ያለ ሰው «እኔ ጋብዣለሁ፣ እኔ እከፍላለሁ» ማለቱ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን የጋበዘችኝን ልጅ ድርሻዬን በዊቻት ላኩላት። አልተቀበለችውም፤ ያልተቀበሉት ብር በ24 ሰዓት ይመለሳል፣ ተመለሰልኝም። ለሁለት ቀን አኮረፈች። አከፋፈል ካበጃችሁ ዝምድናው የለም ማለት ነው ለካ። ትክክለኛው ብድር መመለሻ በሌላ ቀን መጋበዝ ነው፤ ትልቅ ራት ባይሆን በወተት የተሠራ ሻይ ወይም የማታ የእሳት ጥብስ።

ሽሚያውን ታውቁታላችሁ፣ ካዛንቺስ ያየነው ነው። እጅ መያዝ፣ አስተናጋጁን መጎተት፣ «ዛሬ የኔ ነው»። እዚያ አንድ ብልጠት ይጨመራል። መክፈል የፈለገ ሰው መሃል ላይ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ይነሳና ከፍሎ ይመለሳል። እናንተም ተማሩት። ተማሪ ለተማሪ ከሆነ ግን «ኤ ኤ» የሚሉት አለ፣ እኩል መካፈል፤ ግሩፑ ላይ አንዱ መሰብሰቢያውን ይለቃል፣ ሁሉም ይልካል። ቲፕ የለም። አስተናጋጅ ሊመልስላችሁ እየሮጠ ይከተላችኋል።

የተረፈውን «ዳ ባው» ብላችሁ አስጠቅልሉ፣ ነውር የለውም። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው የምግብ ብክነት ሕግ እንዲያውም ምግብ ቤቱ ብዙ ያስተረፈን ሰው ማስከፈል እንዲችል ይፈቅዳል።

ቤት ሲጠሯችሁ

ቤት መጠራት ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ በአዲስ ዓመት ይመጣል። ፍራፍሬ ያዙ። ሰዓት በስጦታ አትስጡ፤ በቻይንኛ ሲጠራ ሰውን ወደ መቃብር መሸኘት ይመስላል። ጃንጥላም ይቅር። ለልጆች ቀይ ፖስታ ውስጥ ብር ጨምሩ፣ አራት ቁጥር ግን አይግባበት፣ ከ«ሞት» ጋር ድምፁ ይቀራረባል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ካልሲያችሁን ቀድማችሁ ፈትሹ። ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን ከኛ ነው፦ የይርጋጨፌ ቡና። ወጣቶቹ ካፌ ውስጥ «ዬ ጅያ ሹዌ ፌይ» ብለው ያዙታል፤ ከየት እንደመጣ ስትነግሯቸው ሌላ ዓይን ያወጣሉ።

ቀኑን አስቀድማችሁ ከጾሙ ጋር አመሳክሩ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው ሰኞ የካቲት 9 ነበር። የቻይኖች የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚበላበት ማታ፣ ያው ሰኞ ነበር። ረመዳንም በቀናት ልዩነት ተከተለ። ያቺን ፎቶ ያደረጋችኋትን መልእክት ለአዪ ቀድማችሁ ካልላካችሁ፣ ዱምፕሊንግ (በሊጥ የሚጠቀለል ምግብ) ከጠዋት ጀምሮ ሲጠቀልሉ ውለው «ብላ፣ ብላ፣ ብላ» ሲሏችሁ መልስ የላችሁም። ከላካችሁ ግን በቀይ ሽንኩርት ቅጠልና በቶፉ ለብቻችሁ ተጠቅልሎ ይቆያችኋል።

ተራው የእናንተ ሲሆን

ሽሮ ሥሩ፣ ጎመን ሥሩ። በእጅ እንደሚበላ ቀድማችሁ ንገሩ፣ እጅ መታጠቢያውን አሳዩ። ስታጎርሱ ደግሞ አስጠንቅቁ፤ ከሳህን ወደ ሳህን የለመደ ሰው ጣት ወደ አፉ ሲመጣ ይደነግጣል፣ ከዚያ ቪዲዮ እንዲቀረጽ ይፈልጋል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ቻይኖች ምግብ ካለቀ ይነሳሉ። «በልተን ጠገብን፣ እንሂድ» ይሉና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጫማቸውን አድርገዋል። እናንተ ገና ከሰል እያያያዛችሁ ነው። ስለዚህ ሲጠሩ ገና «ከምግብ በኋላ ሦስት ዙር ቡና አለ» በሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያላችሁ አስቆጥሯቸው፤ ቁጥር ካለው ጨርሰው ነው የሚሄዱት።

ቡናውን ግን ዶርም ውስጥ አትቁሉ። የጭስ ማንቂያውን ያስጮህኩ ቀን ስድስተኛ ፎቅ በሙሉ በነጠላ ጫማ ወረደ። ዘበኛውም መጡ፣ ወደ ላይ ወደ መስኮቴ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቺ ለ ማ?» አሉኝ።

«ቺ ለ» አልኳቸው።